ለጄኔራሉ ያስተረጎምኩ ቀን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ከሱቄ የወጣው፦ ቆርቆሮ አስራ ስምንት፣ ሚስማር ሁለት ካርቶን። ሲሚንቶ አልገባም።

አራት ሰዓት ላይ ሱቁ በር ላይ መኪና ቆመ... ጡረታ የወጣው ጄኔራል ነው። አምቦ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። የሂሳብ የቤት ሥራ ከእኔ ይገለብጥ ነበር። አሁን በግሉ ለፓርላማ ይወዳደራል። ሃያ ዓመት ከአንድ ቀብር ሳልቀር እዚህ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ «የኛ ልጅ» የሚባለው ግን እሱ ነው።

ባለቤቴ መደገፊያ ያለውን ወንበር በነጠላዋ ጠርጋ «ጄኔራል፣ ይቀመጡ» አለችው። እኔ አንተ ልበለው አንቱ ግራ ስለገባኝ ሁለቱንም ዘልዬ «ጤና እንዴት ነው» አልኩ።

ከጉደር አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬዎች ሰብስቧል። ካምፕ ለካምፕ ሲዞር ኦሮምኛው አፉ ላይ ዝጓል፤ ሽማግሌ ፊት መሳሳት ፈርቷል። ገበሬው ደግሞ እኔን ያምናል። እንዳስተረጉምለት ነው የመጣው።

አንድ ነገር ልናገር። መሳቢያዬ ውስጥ የግል እጩ ፎርም አለ። ጥር ላይ ነው ያመጣሁት። ስሜን ሞልቼ፣ ጀርባው ላይ የምናገረውን ሁሉ ጽፌ... ሰው ቢስቅብኝስ እያልኩ የምዝገባው ቀን አለፈ። ባለቤቴም አታውቅም።

ሄድኩ።

ጄኔራሉ ተነስቶ እንደ ሪፖርት ጀመረ። «አንደኛ፣ የግብርና ግብዓት በወቅቱ እንዲቀርብ ይደረጋል። ሁለተኛ...» ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ቃል በቃል ብተረጉመው እዚያው ያልቅለታል። እንዲያልቅለትም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የፎርሙ ጀርባ ነው። ማዳበሪያው ዘር ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ፣ ድልድዩ ከተሰበረ ወዲህ ወላድ በቃሬዛ እንደምትሻገር፣ ተመራጭ ማለት ክረምት ላይ ጭቃውን ረግጦ የሚመጣ ሰው እንደሆነ...

ሰዉ ቀና አለ። ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ዳባ እርጥብ ሳር ይዘው ተነሱና መረቁ። ግቢው በሙሉ «ሃ ታኡ» እያለ ተቀበለ፤ ይሁን ማለት ነው። ሳሩን ግን የሰጡት ለጄኔራሉ ነው። እኔም ጎኑ ቆሜ «ሃ ታኡ» አልኩ... ምን ልበል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ጉደር ስንደርስ፣

«መናገሩ እንጂ መስማቱ አልጠፋኝም እኮ» አለ። «ያ የኔ ንግግር አልነበረም። ለራስህ ያዘጋጀኸው ነው አይደል?»

«ያንተው ነው» አልኩት። አንተ ማለቴ አሁን ገና ነው።

«ለምን አልተወዳደርክም?»

ሲሚንቶ እየጠበቅኩ ነበር አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ትቶ «ነገም እንደዚያው በልልኝ፤ እኔ አንደኛ ሁለተኛ እያልኩ ጊዜ እሰጥሃለሁ» አለ። ስምንተኛ ክፍልም እንዲህ በትህትና ነበር ደብተሬን የሚጠይቀኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ጄኔራሉ እንዴት ተናገሩ?» አለችኝ።

«በጣም ጥሩ» አልኳት።

ነገ፦ ከቅዳሴ መልስ ከጉደር ወዲህ ያለው ቀበሌ። ፎርሙን ከመሳቢያ ማውጣት። እዚያ ድልድይ ስላላቸው የድልድዩን ነገር በመብራት መቀየር።