ጋሽ ፈለቀ የተመለሱት ደክሟቸው አይደለም

የዚያን ዕለት ጠዋት የጋሽ ፈለቀን የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ እየሰፋሁ ነበር። ወፍራም ክር ደርቤ፣ መርፌው አልበሳ ሲለኝ በማንኪያ ጀርባ እየገፋሁ። በር ተንኳኳ። ስከፍት ጽጌ ናት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። ጽጌ ሄይዋርድ የምትኖር ነርስ ናት፤ ጋሼ ተራራ ይዘዋቸው ከሚሄዱት አንዷ። በሥራ ቀን ኦክላንድ ምን አመጣት ብዬ ፊቷን ሳየው ገባኝ። ኮል ልታደርግልኝ ትችል ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ ከጋሼ ቤት፣ ከሳንሆዜ ድረስ ነድታ መጣች። ጋሼ በተኙበት ልባቸው ቆሞ ነበር ያገኘቻቸው።

ጋሽ ፈለቀ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአገር ስንመጣ ሁለት ዓመት ሳንሆዜ ቤታቸው ያስቀመጡን እሳቸው ናቸው። ያኔ «ሙሽራዬ» ብለው ጠሩኝ፤ ሰባ ዓመት ሞልቶኝም ሙሽራዬ ነው የሚሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይኼን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፣ ፊደሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ የማስተካክለው ነገር ስላለኝ ነው እንድትጽፍ ያስቀመጥኳት።

ጋሼ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ መሐንዲስ ነበሩ። ሥራቸው ድልድይ መመርመር ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ አይቻቸዋለሁ። ከላይ መኪናው ሁሉ ይከንፋል፣ እሳቸው ከሥር በገመድ ተንጠልጥለው ብረቱን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ሲወርዱ «ሙሽራዬ፣ ላዩን ሁሉም ያየዋል፤ ለእኔ የሚከፍሉኝ ሥሩን እንድመለከትላቸው ነው» አሉኝ።

ሪታየር ካደረጉ በኋላ ነው በረዶው የያዛቸው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ድንኳንና ስንቅ ተሸክመው ሴራ ኔቫዳ ይገባሉ። ተራራውን በእግር አቋርጦ ማዶ መውጣት ነበር ምኞታቸው። ስድስት ጊዜ ሞክረው ስድስት ጊዜ ተመለሱ። አንዴ ውሽንፍር፣ አንዴ በረዶው ያለጊዜው ለስልሶ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ በረዶው ጠንካራ ሳለ መሄድ፣ ከቀትር በኋላ ሲለሰልስ ማቆም። «በለሰለሰ በረዶ የሚቀጥል ሰው ለሌላው ሰው ሥራ ያበዛል» ይላሉ። ደግሞ ቁመታቸው ረጅም ነው አይደል? ከፊት ሆነው በረዶውን ሲረግጡ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፣ ከኋላ የሚመጣው አጭር ሰው ዱካቸው ላይ እንዲረግጥ። ይኼን የነገረችኝ ጽጌ ናት፤ እሷ አጭር ናት።

አምና ለሰባተኛ ጊዜ ሄዱ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው። ሐኪማቸው «ከዚህ በኋላ አልፈቅድም» ብሏቸዋል፤ የመጨረሻቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አራት ሆነው ገቡ። በስድስተኛው ቀን ሳይሻገሩ ተመለሱ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?» ስላቸው «ደከመኝ» አሉኝ። ለሁሉም ያሉት ያችኑ ነው።

ሊጠይቁኝ ሲመጡ የሕንጻችን ጎረቤት አቶ ግርማ ሊፍት ላይ አገኟቸውና «ጋሽ ፈለቀ፣ ተራራው ዘንድሮም እምቢ አለ?» አሏቸው።

«ሰላም ብሎሃል ግርማ። በሚቀጥለው አንተን አምጣልኝ ብሏል።»

አቶ ግርማ ኋላ ለእኔ «እትዬ ብርቄ፣ ሰውዬው እኮ አርጅተዋል። እሳቸው ናቸው አሁን መሪ የሚያስፈልጋቸው» አሉኝ። ወሬው ቤተ ክርስቲያንም ደረሰ። እኔም አመንኩት፤ እንዲያውም ተቆጣኋቸው። «ይብቃዎት፣ ሰው ይስቅብዎታል» ስላቸው «ይሳቅ እንጂ፣ ማን ከለከለ» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

እንግዲህ ጽጌ ያን ጠዋት ሶፋዬ ላይ አልቅሳ ከወጣላት በኋላ የነገረችኝ ይኼ ነው። በአምስተኛው ቀን ጫማዋ ውሃ ገባው። በማግስቱ ሲነሱ የእግር ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል፣ አይሰሟትም። ለጋሼ የመጨረሻቸው ነው ብላ ዝም አለች። እሳቸው ግን አረማመዷን አይተው አስቀመጧት። ጫማዋን አወለቁና ጃኬታቸውን ከፍተው ባዶ እግሯን ሆዳቸው ላይ አደረጉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው!»

«ነርስ አይደለሽ? ሕክምና ነው። ይልቅ ሌላውንም አምጪው፣ ሆዴ ሰፊ ነው።»

ከፊታቸው የቀረው አንድ አቀበት ነበር፤ እሱን ካለፉ ወዲያ ማዶ ናቸው። በጎን ደግሞ በግማሽ ቀን መኪና መንገድ የሚያደርስ ቁልቁለት አለ። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ «ጋሼ፣ እኔ ላውርዳት፣ እርስዎ ከሱ ጋር ይለፉ» አላቸው። አቀበቱን ቀና ብለው አዩት። ብዙ አዩት ትላለች ጽጌ። ከዚያ «ቁልቁለቱ ላይ አንተ ብትወድቅ እሷ በየትኛው እግሯ ታነሳሃለች? ሁላችንም እንወርዳለን» አሉ። ድንኳኗንና ስሊፒንግ ባጓን በራሳቸው ሸክም ላይ ጫኑ። ከፊት ሆነው፣ እርምጃቸውን ከወትሮው አሳጥረው፣ በረዶውን እየረገጡላት ወረዱ። ደከመኝ ያሉት ሰውዬ!

መኪናው ጋ ሲደርሱ ሦስቱንም «የጠየቃችሁን ሁሉ እኔ ደክሞኝ ነው በሉ። ጽጌን የሽማግሌውን ጉዞ አበላሸች እንዳይሏት» አሏቸው። የጽጌ ጣቶች ሁሉም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሳንታ ክላራ ሥራ ከመግባቷ በፊት በየጠዋቱ ቤታቸው እየገባች ፕሬዠራቸውን ትለካላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ተዳክመው መስሎኝ።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ቃላቸውን ጠብቄያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልጠብቅም» አለችኝ። ለቅሶው ላይ ራሷ ቆማ ለሰው ሁሉ ተናገረች። እኔ የፊት ወንበር ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ በማላውቀው ነገር ተቆጥቼዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ። ወንድምዎን ሲያገኙት ኮርቼባችኋለሁ ይበሉልኝ። ይኼንንም ሰምተው ይሂዱ፤ ከለቅሶው በመኪናቸው የመለሱኝ አቶ ግርማ ናቸው። ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩን አጠፉና መሪውን እንደያዙ «እትዬ ብርቄ፣ እኔ ብሆን ላውርዳት ላለው ልጅ ትቼያት አልፍ ነበር» አሉኝ።