ውሃ የሚያነሳ ምክንያት

ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ነው ከክፍል የወሰዱኝ። ከጎጃም ተመድቤ ነቀምቴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ነው» አሉኝ፤ ጥያቄውን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ያስገቡኝ ክፍል የድሮ እህል መጋዘን ነው፤ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩበት፤ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁላችንም «አዴ» እንላቸው ነበር፤ እዚያ አገር ትልቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብለው ከሲሬ የመጡ ናቸው። እግራቸው አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ጋደም ካሉ ደረታቸው እንደ ሽሮ ይንተከተካል።

የቤቱ ደንብ ደግሞ እስረኛ ማታ ተኝቶ ይቆጠር የሚል ነው። የተቀመጠ ሰው እንዳመፀ ይቆጠራል። ጠባቂዋ «ተኚ!» ስትል አዴ ይተኛሉ፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝና ጠዋት አዛዡን አስጠራሁት።

«ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል። ሐኪም ቤት ካልሄዱ ይሞታሉ» አልኩት።

«ቲቸር፣ እዚህ ምክንያት የሌለው እስረኛ የለም» አለ እየሳቀ። «ያንቺ ምክንያት ውሃ አያነሳም።»

«የሳቸው ሳንባ ግን አንስቷል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ስናደድ ምላሴ ይሳላል፤ እናቴ ሁልጊዜ በዚህ ትሰጋልኝ ነበር። ከፍራሼ ቁራጭ ስፖንጅ ቦጨቅኩና፣ «አፍህ ላይ አድርገህ ተንፍስበት» አልኩት። ተነፈሰ። የመጠጥ ውሃችን ባልዲ ውስጥ ነክሬ መልሼ ሰጠሁት። አፉ ላይ ባደረገው ቅጽበት ወረወረው።

«ሳንባም እንዲህ ነው» አልኩ፤ ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኛል። «ከጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሠራ ነው። ልብ ሲደክም ውሃ ከደም ሥር እየሰረገ ይገባባቸዋል። ስስ የነበረው ግድግዳ ይወፍራል፣ አየሩ ደሙ ጋ መድረስ ያቅተዋል። ሰው በደረቅ መሬት ይሰጥማል።»

ስፖንጁን አንስቼ በአግድም ያዝኩት፤ ሁሉም እኩል ረጥቧል። ቀጥ አድርጌ ሳቆመው ውሃው ወደ ታች ወረደ። «አሁን ላይኛውን ንካው» አልኩት። ነካው፤ ቀለል ብሏል። «የሚቀመጡት ለዚህ ነው። እያመፁ አይደለም፤ በተረፈችው ሳንባ እየተነፈሱ ነው።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ሲመለስ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዟል።

«ሆስፒታል ይሄዳሉ። መጀመሪያ እዚህ ላይ ጣት ያሳርፉ።»

ተቀብዬ አነበብኩት። «በሽታው ከመታሰሬ በፊት የነበረብኝ ነው» ይላል። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ለአዴ ነገርኳቸው።

«ላኪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ አይሆንም፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ትንፋሽ ሰብስበው ለአዛዡ በአማርኛ ቀጠሉ። «ስገባ... እንስራ ተሸክሜ... ዳገት የምወጣ ሴት ነበርኩ። ውሸት ላይ... ጣቴን አላሳርፍም።»

ደነገጥኩ። «አዴ፣ በእናትዎ! ነፍስዎ ትበልጣለች። ወረቀት ነው፣ ያሳርፉለት!»

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ደረታቸው ይንተከተካል። አዛዡ ደረታቸውን እያየ የቀለሙን ክዳን ገጠመ። ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተና «መኪና አምጡ» አለ። እንሸከምዎ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ ሁለት ጊዜ እያረፉ በእግራቸው ወጡ።

ከሆስፒታል ወደ መጋዘኑ አልመለሷቸውም፤ ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ዛሬ የልብ መድኃኒታቸውን እየዋጡ ሲሬ ይኖራሉ። እኔም ከተፈታሁ ወዲህ በየወሩ እጠይቃቸዋለሁ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ያዳነችኝ እሷ ናት» ብለው ያስተዋውቁኛል። ያን ጊዜ አንገቴን እደፋለሁ። ያ የውሸት ወረቀት ላይ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ የለመንኳቸው እኔ መሆኔን አንድም ቀን ለሰው ተናግረውብኝ አያውቁም።