የአባቴ ቅኔ በአለቃ አፍ

ዛሬ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ተሰቅሎ አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ይህን ያህል አርጅቼም ካባ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አባቴ የሃዲያ ልጅ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ፣ ቁራሽ እየለመነ ዜማና ቅኔ ተምሮ መሪጌታ ሆኖ ተመለሰ። የደብራችን አለቃ ግን «ገና አፉ አልተፈታም» እያሉ ከኋላ ያቆሙት ነበር።

አንድ ዓመት ለማርያም በዓል አዲስ ቅኔ አዘጋጀ። እኔና እናቴ ጓሮ እንሰት ስንፍቅ አጠገባችን ተቀምጦ ሲያንጎራጉረው ስለሰነበተ፣ ግዕዝ ባላውቅም ቃሉን ሸምድጄው ነበር። አለቃ «እስቲ ላርምልህ» ብለው ቀድመው ሰሙት። በበዓሉ ቀን ያንኑ ቅኔ አገረ ገዥው ፊት የራሳቸው አድርገው አሰሙት። ገዥው ካባ አለበሷቸው። አባቴ ጸናጽሉን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

ቤት ስንገባ እናቴ፣ «ቅኔ መዝረፍ የሚሉት ይህን ነው? ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ብናገር ማን ያምነኛል?» አለ አባቴ። «ቅኔ እንደሆነ ከእኔ ዘንድ አያልቅም። ነገ ሌላ እሠራለሁ።»

እናቴ የዚያን ቀን ምሳ አላቀረበችለትም።

ከዓመታት በኋላ አለቃ ሲሞቱ፣ በቀብራቸው ላይ ቅኔ እንዲያሰማ የተጠራው አባቴ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ቆሞ በራሱ አፍ አሰማ። አሳምሮ ስላወደሳቸው ካህናቱ ሁሉ አለቀሱ። አለቃን መጥላት ቀላል ነው። አባቴን ግን ስለዚያ ውዳሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።