ከፍራሽ ስር ሆኜ የመረመርኩት ጭስ

ይህ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ሳዑዲ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ከያለበት እየለቀመች ወደየአገሩ የምትሸኝበት ሰሞን። በዚያ ወር ብዙ የአገሬ ሰው ብዙ ክፉ ነገር አይቷል። የእኔ ግን ሲያወሩት የሚያሳፍር ቂልነት ነው። ናፍታ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ መካኒክ ነኝና ናፍታ የማይሸተኝ ቀን ደግሞ የለም።

ያኔ የምኖረው መካ፣ ሩሰይፋ ነበር። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። በየመን በኩል ገብቼ፣ ከፊል የሚሉት አሠሪ ዋስ ሳይኖረኝ፣ ኢቃማ ሳይኖረኝ፣ ያገኘሁትን መኪና ስጠግን ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እጮኛዬ ሉባባ ደግሞ ጅዳ፣ ሳፋ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የእሷ ወረቀት የተሟላ ነው። ፍተሻው ሲጠና ደወለችና «አንድ ቀን ይይዙህና ሳታገባኝ ይጭኑሃል፤ ኒካሁ አሁን ይታሰር» አለችኝ። ማዳሟን ለምና ለምና የአንድ ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ አገኘች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሰላት በፊት መመለስ አለባት። አጎቷ ሳፋ ባለችው ክፍሉ ሼኽ ጠርቶ ሊጠብቀኝ ሆነ። የቀረው የእኔ መድረስ ብቻ ነው።

መድረሱ ነው እንግዲህ ጭንቁ። በመካና በጅዳ መካከል ተፍቲሽ የምንለው የፖሊስ ኬላ አለ። በዚያ ሰሞን እንደኔ ያለ ሰው በታክሲ አያልፈውም። አንድ አሚ ሳልህ የሚባል የመናዊ ሽማግሌ አውቅ ነበር፤ ያገለገለ ፍራሽ ከመካ እየጫነ ጅዳ ወስዶ ይሸጣል። እሱን ለመንኩትና እሺ አለኝ።

የጭነት መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ቆሞ ሲሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፣ የናፍታ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሳምንቱን ሙሉ «አሚ፣ ይሄ ኖዝል ነው» ብዬ ስነዘንዘው ከረምኩ። ናፍታውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት አንዱ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል፤ ናፍታው ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ በቃ። እሱ ግን «ፋሻው ነው ያለቀው፣ ሞተሩ እንደኔ አርጅቷል» ብሎ ድርቅ አለ። ፋሻ የምንለው ፒስተኑ ላይ ያለውን ቀለበት ነው። ፋሻ ሲያልቅ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ጭሱም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህን እኛ ጋራዥ በር ላይ ሎሚ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ ታውቃለች።

ሐሙስ ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙሁር በኋላ አዲሱን ነጭ ጀለቢያዬን ለበስኩ፣ ሽቶ ተቀባሁና ፍራሾቹ ስር ገባሁ። አሚ ሳልህ ሌላ ደራርቦ ጫነብኝ። ለመተንፈሻ ከጎን በኩል አንዲት ቀዳዳ ተወልኝ። ቀዳዳዋ ግን ልክ ከጭስ ማውጫው በላይ ነበረች። ሽቶዬ ከሩሰይፋ ሳንወጣ አለቀ።

እንዲያም ሆኜ ጆሮዬ አላረፈም። የሚስተው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው ወይስ አራተኛው እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ተፍቲሹን አለፍን። ፖሊሶቹ ጭሱን ሸሽተው ነው መሰለኝ ቶሎ ለቀቁን። አልሐምዱሊላህ ብዬ ትንሽ እንደሄድን መኪናው ቆመ።

መንገድ ዳር ብቻውን የነበረ ሌላ ፖሊስ ነው ያስቆመን። ስለ ኢቃማ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የተናደደው በጭሱ ነው፤ ከኋላችን ያሉት መኪኖች መንገድ ማየት አቅቷቸዋል። ይህ መኪና ከዚህ ወዲያ አይሄድም፣ ጎታች እጠራለሁ፣ ጭነቱን አውርድ አለው። ጭነቱ ከወረደ እኔም እወርዳለሁ። በዓይኔ የመጣችብኝ ግን ሰዓት እያየች የምትቁለጨለጨው ሉባባ ናት።

አሚ ሳልህ ይለምን ጀመር። ፋሻ ነው፣ ወላሂ በሚቀጥለው ሳምንት አስቀይራለሁ ይላል። ፖሊሱ ደግሞ ፋሻ አይደለም፣ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው፣ የአባቴም መኪና እንዲሁ ሆኖ ነበር ይላል። አንዱ ፋሻ፣ አንዱ ውሃ፣ ፋሻ፣ ውሃ፤ ሁለቱም የማያውቁትን ነገር እየማሉ ይከራከራሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ትንፋሼን ውጬ ተደብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ሰው ሞተር ላይ እንዲህ ሲቀላምድ መስማት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

«ፋሻም ውሃም አይደለም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር። እዚያ ላይ እንኳ ብቆም ጥሩ፤ «ውሃ ቢሆን ጭሱ ዓይን ያቃጥል ነበር?» ብዬ ጨመርኩበት።

ክርክሩ ተቋረጠ። ሞተሩ ብቻ ይንዘፈዘፋል። ፖሊሱ ማነው የተናገረው ብሎ ጠየቀ። አሚ ሳልህ፣ ያን ሁሉ ዕድሜ የኖረ ሰው፣ ኮስተር ብሎ «ፍራሹ ነው» አለ። ኋላ ስጠይቀው ሌላ ነገር አልመጣልኝም አለኝ።

የፖሊሱ ጫማ ጠጠር ላይ እየተንኮሻኮሸ ወደ እኔ ቀረበ። አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመና ዝግ ባለ ድምፅ «አንተ ፍራሽ፣ ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ።

ከጠፋሁ አይቀር ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሽታው ጥሬ ናፍታ ነው፣ ጭሱ ነጭ ነው፣ ሞተሩ በየዙሩ አንዴ ይስታል፤ እና ኖዝል ነው አልኩት። ስንት ጊዜ ይፈጃል አለኝ። አንድ ሰው ተረጋግቶ ሰላቱን እስኪሰግድ አልኩት። ከዚያ ወደ አሚ ሳልህ ዞረ።

«እኔ ዐስርን ልሰግድ ነው» አለው። «ስጨርስ አሁንም የሚያጨስ ከሆነ ፍራሹን አንድ በአንድ አወርዳለሁ። የሚናገር ፍራሽ ግን አላየሁም።»

ስወርድ መስገጃውን አንጥፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ፊቱን ወደ መካ አዙሮ ቆሟል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ እየሠራ የኖዝሎቹን ቱቦ ተራ በተራ ማላላት ጀመርኩ። ደህናውን ስታላላው ሞተሩ ይብስበታል፤ የታመመውን ስታላላው ግን ምንም አይለወጥም። ሦስተኛውን ሳላላው ምንም አልተለወጠም። ሦስተኛው መሆኑን መንገድ ላይ ገምቼ ነበር፤ ይመዝገብልኝ።

ሞተሩን አጠፋን፣ ኖዝሉን ፈታሁት። ጫፉ ጥላሸት ጠጥቶ መርፌው ተጣብቋል። በናፍታ አጠብኩት። መጥረጊያ ስል አሚ ሳልህ ጨርቅ የለኝም አለ። ስንት መቶ ፍራሽ የጫነ ሰው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ የለውም። በሙሽራ ጀለቢያዬ ጫፍ ጠረግኩት።

ከዐስር በኋላ የሚጨመር ሱና ሰላት እንደሌለ እናውቃለን። ፖሊሱ አራት ረከዓውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ተስቢህ መቁጠር ያዘ። ጨረሰ። ከመጀመሪያው ደገመው። እኔ ኖዝሉን መልሼ ሳስር እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ፤ ከናፍታው ቱቦ አየሩን ሳስወጣ ገና ዱዓ ላይ ነው። ሞተሩን ስናስነሳው አንድ ነጭ ጭስ አስሎ ተፋና ጠራ። ሰውየው ሳይዞር አንድ እጁን አነሳና ወደ ጅዳ አመለከተን። ተመልሼ ፍራሹ ስር ስገባ አሚ ሳልህ «ፋሻውም ግን ትንሽ አለበት» አለኝ። ዝም አልኩ። ትምህርት ወስጃለሁ።

ሳፋ የደረስኩት ለመግሪብ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ነው። አጎቷ በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ሊዘጋው ነበር። ፊቴ ጠቁሯል፣ ጀለቢያዬ የጋራዥ መጥረጊያ ሆኗል፣ ሼኹ ምንጣፉን ከእግሬ ስር ሰበሰበ። ሉባባ ከመጋረጃ ወዲያ ናት። አጎቷ ወደሽ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃት ድምፅ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ከፖሊሱ ጫማ ይልቅ ያ ዝምታ አስደነገጠኝ። ለካ ሽታው ከእኔ ቀድሞ መጋረጃውን አልፏል።

«ወድጃለሁ» አለች ቆይታ። «ግን መጀመሪያ ይታጠብ።»

ሼኹ የፊተኛው ቃል ይበቃል ብሎ ኒካሁን አሰረ።

ወሩ ሳያልቅ እኔም ተያዝኩና ተጫንኩ። ሉባባ የፈራችው ደረሰ፤ ግን የተጫንኩት ባሏ ሆኜ ነው። በዓመቱ ኮንትራቷን ጨርሳ ተከተለችኝ። ዛሬ ኮምቦልቻ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ማታ ቤት ስገባ ከሰላምታ በፊት መጀመሪያ ታጠብ ትለኛለች።

ያንን ፖሊስ ግን ፊቱን አላውቀውም። ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሳላውቀው አልፈዋለሁ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዐስርን ስሰግድ ቶሎ አልነሳም፤ ተስቢሁን ደግሜ ዱዓ አደርግለታለሁ። ሉባባ ምን ያቆይሃል ትለኛለች። ከኋላዬ አንድ ሰው ኖዝል እየፈታ ይሆናል እላታለሁ።