መስቀሉ የዞረበት ድንጋይ

ባለፈው ወር ከቁይ ከተማ ወዲህ ያለውን የቤተ ክርስቲያናችንን ዕቃ ቤት ለማደስ የቅርስ ሰዎች መጡ። ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ የሚቀመጡበት። አብሯቸው የመጣው ወጣት መሐንዲስ ሰውን ሰብስቦ ሕጉን ተናገረ፤ ሲሚንቶ አይገባም፣ የወረደ ድንጋይ ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ማንም ከራሱ አዲስ ነገር አይጨምርም። በየድንጋዩ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ሲጽፍ የሰፈሩ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እኔ ሳቄ መጣ። ይህን ሕግ እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሳይወለድ አውቀዋለሁ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ልጁ በሩ ላይ ደርሶ ከበሩ በላይ የተጋደመውን ጉበን ወደተሸከመው ድንጋይ አመለከተ።

«እማማ ስመኝ፣ ይኼ ድንጋይ መስቀል ተቀርጾበታል፤ ፊቱ ግን ወደ ውስጥ ዞሯል። ግንበኛው ተሳስቶ ነው። ወደ ውጭ እንመልሰዋለን» አለኝ።

ግንበኛው ባሌ ነበር። «ግንበኛው አልተሳሳተም» አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ከረረ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከአይሮፕላን የተጣለ ቦምብ ከቅጥሩ አጠገብ ወድቆ የዕቃ ቤቱን የበሩን ወገን ናደው። ክረምቱ እንደወጣ የደብሩ አለቃ ሥራውን ለባሌ ለአየነው ሰጡት። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ «አባቶች ያኖሩትን እኛ አናሻሽልም። እንደነበረ ይመለስ።» አየነው የወደቀውን ድንጋይ ሁሉ ሜዳው ላይ ዘረጋው። ኖራው ከደጀን ቆላ በአህያ መጣ። እኛ ሴቶች ውሃ እየቀዳን በጉድጓዱ ውስጥ እናርሰዋለን፤ ሲፈላ ፊታችንን ይለበልበናል። የባቄላው እሸት ደርሶ ስለነበር ለግንበኞቹ እሱን እየጠበስን በየተራ እናበላለን። ደስ የሚል ጥቅምት ይሆን ነበር፣ ጠጂቱ ባትኖር።

ጠጂቱ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ የገበዙ ልጅ ናት። ያደገችው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው፤ የትኛው ድንጋይ ከየት እንደነበር ከእሷ በቀር በልቡ የያዘ ሰው አልነበረም። ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጠጂቱ የአየነው የፊት ሚስቱ ናት። ልጅ አልወለደችም ተብሎ በሽማግሌ ተፋተው ነው እኔ የገባሁት። እኔም እስከዚያን ጊዜ አልወለድኩም። የአማቴ ዓይን ከሆዴ ላይ አይነሳም ነበር። እንግዲህ በዚህ ላይ ባሌ ከጠዋት እስከ ማታ፣ «ጠጂቱ፣ ይኼ የት ነበር?» ይላታል። «ከመስኮቱ በታች፤ እግርህን እያሳረፍክበት ጣራ የወጣህበት» ትለዋለች። ይስቃል። እኔ እንስራዬን ተሸክሜ ቆሜያለሁ።

ቅናት ያቃጥላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እኔን ግን አንገበገበኝ፤ እህል አላስበላኝም። የእሷ ተራ ሲደርስ በኑግ የታሸ በሶ ታመጣለች፤ እሱም እየደገመ ይበላል። የእኔን ዳቦ ግን ግማሹን ለአህያ ነጂዎቹ ያካፍለዋል። ቸርነቱ በእኔ ዳቦ ብቻ ነበር! ግንቡ ሲያልቅ ይዟት ወደ ቤት የሚመለስ፣ እኔን ወደ እናቴ የሚሸኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጣሊያን መንገድ ይሠራል። የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ገበያ ላይ ቆሞ ተናገረ፤ የቆመ ቤት አይነካም፣ ፍርስራሽ ግን ድንጋዩ ለመንገድ ይጫናል፤ ግንበኛ የሆነ ሁሉም ለካምፑ ሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወሰዳል። አለቃ ሰው ልከው ስለ ዕቃ ቤቱ ቢያስጠይቁ፣ «በሩ ከቆመ ቤት ነው፤ ካልቆመ ፍርስራሽ ነው» የሚል መልስ መጣ።

ከበሩ አንድ ድንጋይና ጉበኑ ብቻ ሲቀሩ የጣሊያኖቹ የጭነት ካሚዮን ድምፅ ተሰማ። ግንበኞቹ ወደ ጥዱ ደን ሮጡ፤ አየነውም አብሮ ሮጠ። አለቃና ገበዙ ካሚዮኑን ከመንገድ ለማቆየት ወረዱ። በሩ ዘንድ የቀረነው እኔና ጠጂቱ ነን።

«ቆመሽ ታዪኛለሽ? በዚያ በኩል ያዥ» አለችኝ።

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታዢኝ?»

«ኋላ ትጣዪኛለሽ። አሁን ያዥ!»

ያዝኩ። በሩ አጎንብሰው የሚገቡበት ዝቅተኛ በር መሆኑ በጀን። በውስጥ በኩል ቆመን ድንጋዩን ደረታችን ድረስ አነሳነው፤ ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነው፣ ኑግ ኑግ ይላል። አስቀመጥነው፤ ኖራውን በእጃችን እየዛቅን በጣታችን፣ እሷ በረጅሙ እኔ በአጭሩ፣ ጠቀጠቅነው። ከዚያ የወይራውን ጉበን እያቃሰትን አጋደምንበት። አስተርጓሚው ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ሶላቶዎች ጋር ሲደርስ ሁለታችንም ኖራ በኖራ ሆነን በሩ ግራና ቀኝ ቆመናል። በሩን አየ፣ እኛን አየ፤ አጎንብሶ ገባና ወጣ። «ቆሟል» አላቸው። ሄዱ።

ያን ጊዜ ጠጂቱ ወደ ውስጥ ዞር ብላ፣ «ወይኔ፣ መስቀሉ!» አለች። ለካስ ፊቱን ወደ ራሳችን አድርገን ነው ያስቀመጥነው። በሳቅ ፈረስን። ከእሷ ጋር የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አየነው ከደኑ ሲመለስ ድንጋዩን አየው። ጣቱን ወደ ኖራው ሰደድ አድርጎ ነካው። ጣቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ኖራው ገና ጭቃ ነበር። አለቃ ደርሰው፣ «አየነው፣ መስቀሉ ዞሯልሳ?» አሉት።

«አባቴ፣ ኖራው ይዟል። አሁን ብነካው በሩ ይወርዳል» አላቸው። እየተናገረ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

ድንጋይ በጣት ስፋት ፈቀቅ ብሎበት ሙሉ ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው፣ አለቃውን ዋሸ። ከሁለታችን ለማንኛችን ሲል? በዓመቱ ወለድኩ፣ አማቴም ዓይኗን ከሆዴ ላይ አነሳች። ጠጂቱ ደብረ ወርቅ ተዳረች። አየነው ከእኔ ጋር አረጀ፤ አንድ ቀን እንኳን ወደ እሷ መንገድ አልሄደም። ግን ለሥራ ወደዚያ ዕቃ ቤት በገባ ቁጥር ያን ድንጋይ ይዳስሰዋል። ከሸበትን በኋላ ደፍሬ ጠየቅኩት። «ስለ መስቀሉ ነዋ» አለኝና ጋቢውን ተከናነበ። እኔን ይሸውደኛል!

ይህን ሁሉ ለመሐንዲሱ አልነገርኩትም፤ ድንጋዩን ሁለት ሴቶች እንዳስቀመጡት ብቻ ነገርኩት። እሱም በውስጥ በኩል ጎንበስ ብሎ የድንጋዩን ግርጌ በብሩሽ ሲጠርግ ቆየና ጠራኝ። ጥቀርሻው ሥር በኖራው ላይ የአራት ጣቶች አሻራዎች ታትመው ደርቀዋል። አየነው ያን ሁሉ ዘመን ሳይደፍናቸው ትቷቸዋል።

«ይኼማ አይነካም። ድንጋዩም እንዳለ ይቀራል» አለ ልጁ። ዓይኑ በደስታ በርቷል። «የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ፣ እማማ?»

እጄን አስጠጋሁ። ጣቶቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። የእኔ ጣት እንኳን ዛሬ አንጓው አብጦ፣ ያኔም ድንክ ነበር። ሰው ሲያረጅ ሁሉ ነገር ይቀዘቅዛል ይላሉ፤ ዓይኔም ጉልበቴም ቀዝቅዘዋል፣ ይኼ ቅናት ግን ደረቴ ውስጥ እንደ ትኩስ ኖራ ፈላ። ጠጂቱ ሞታለች፣ አየነውም ሞቷል። የሚከራከረኝ የለም።

«የእኔ ነው» አልኩት።