በሬው የሚያውቀው ድምፅ

ወደ ግንባር ስሄድ ነፍሰ ጡር ሚስቴን ለእመብርሃን አደራ ብዬ ነበር። የዳለቻ በሬዬን ነገር ግን ማንም አላሰበበትም፤ እኔም ጭምር። ዳለቻውን ከጥጃነቱ ያሳደግኩት፣ ቀንበር ያስለመድኩትም እኔው ነኝ።

ልጄ ስትወለድ ምሽግ ውስጥ ኮቾሮ እየቆረጠምኩ ነበር። ሴት መሆኗን የሰማሁት ቆይቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናርፍ፣ የመቶ መሪያችን ስልኩን ሲያውሰኝ ነው። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ወዲያው ግን አንድ ፍርሃት ገባብኝ፤ ይቺ ልጅ ሳታውቀኝ ብታድግስ? ሞቱን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያስፈራኝ በሕይወት ተመልሼ ለገዛ ልጄ እንግዳ መሆኑ ነበር።

ክረምት ሲገባ እንደገና ደወልኩ። ሚስቴ በወጉ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ "ኧረ ያንተ በሬ ጉድ ሠራን!" አለች። ማሳችንን ሊያርሱልን ከቢቸና ማዶ የመጡት አባቷ ናቸው። ዳለቻው ግን አልታዘዝም ብሎ ትልሙ መሃል ተኝቶባቸዋል። ጅራፉም አላስነሳውም። የጤፍ መዝሪያው ደግሞ ደርሷል።

"ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ወየው! በሬ በስልክ?"

"አድርጊው ብያለሁ!"

"ሃ! ተነሥ እንጂ የኔ ጌታ! ሃ!" ብዬ አንባረቅሁ። ጓዶቼ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ የከተማ ልጅ፣ "ሚስቱን ትቶ በሬውን ያሞግሳል" አለ። ደሜ ፈላ፤ በሬዬ ላይ ሲሾፍ አልወድም። መልስ ልሰጠው ስል ከስልኩ ውስጥ የአማቴ ድምፅ መጣ።

"ተነሣ! ተነሣ እኮ! ተባረክ ልጄ!"

ከዚያ ወዲህ ስልክ ባገኘሁ ቁጥር፣ እርሻ ኖረም አልኖረ፣ በሬውን ሳልጠራ አልዘጋም። ሚስቴ ልጃችንን አዝላ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። "አባዬ ነው፣ ስሚው" ስትላትም እሰማለሁ። ያ አሽሟጣጭ ጓደኛዬ ሳይቀር፣ "ዛሬ በሬው አልተጠራም" እያለ ያስታውሰኝ ጀመር። የሱ አገር ኔትወርክ ተቋርጦ እናቱን ካነጋገረ ቆይቷል። አንድ ቀን ስልክም በሌለበት፣ "እስቲ እንዲያው ለኔ ጥራልኝ" አለኝ። ጠራሁለት። ሁለታችንም አልሳቅንም።

በመጨረሻ፣ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ፈቃድ ተሰጠኝና በሞጣ በኩል መጣሁ። አውቶቡሱ ሞጣ ለምሳ ሲቆም ለልጄ ጫማ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ናቸው።

"እግሯ ምን ያህላል?" አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ ላሳያቸው ሞከርኩ፤ የት ላይ እንደማቆም ጠፋኝ። ዩኒፎርሜን አዩና ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። "ሰፋ ያለውን ውሰድ፣ ትደርስበታለች። አላህ ያሳድግልህ" ብለው ጠቀለሉልኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ተደበቀች። ጫማውን ብዘረጋላት ጮኸች።

"ቀስ በል፣ ትለምድሃለች" አለችኝ ሚስቴ።

እንደምትለምደኝማ አላጣሁትም። ግን የፈራሁት ደረሰ፤ ግንባር ላይ እንኳ እንዲያ ሆድ ብሶኝ አያውቅም። እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ በረቱ ሄድኩ። ዳለቻው አርጅቷል፤ ጫንቃው በቀንበር ተልጧል።

"ሃ! የኔ ጌታ!" አልኩት። ጆሮውን አቆመ።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ልጄ የእናቷን ስልክ ይዛ እየሮጠች መጣች። እኔን አልፋኝ ሄዳ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ስልኩን ወደ በሬው ጆሮ ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ትንሽ ጠበቀችና ስልኩን አገላብጣ አየችው፤ አልበራም። ያኔ ዘወር ብላ አፌን ትክ ብላ ታየኝ ጀመር።

"ሃ! የኔ ጌታ!" አልኩ ቀስ ብዬ፣ በሬውን ሳይሆን እሷን እያየሁ።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

"እማዬ!" ብላ ተጣራች። "ነይ! አባዬ ከስልኩ ወጣ!"