ኤዶ ፋዱማ የጠየቀችኝ መጨረሻ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ቢሯችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዷ ልጅ ያየችውን ፊልም ማውራት ስትጀምር ሌላው ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ፣ "መጨረሻውን እንዳትነግሪን፣ በናትሽ!" እያለ ከጠረጴዛው ሸሸ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ ብዙም አልቆየም። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አሉኝ። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እነሱ ግን ጋሼ ካሉኝ ቆዩ፣ እኔም እያመንኳቸው መጥቻለሁ። ምን ልበላቸው? እኔ ስለ ፊልም ማውራት የተማርኩት መጨረሻውን ሳይናገሩ መነሣት ነውር በሆነበት ቦታ ነው።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ባለው ዓመት ነው፣ ለመምህርነት ጅጅጋ የተመደብኩት። ባቢሌ ላይ የገዛሁትን ለውዝ እየፈለፈልኩ በሚኒባስ መስኮት ስመለከት፣ ካራማራን እንዳለፍን ሜዳው ድንገት ተዘረጋ። ወይ ጉድ! ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰማይ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን አያውቅም። ከመኪና ስወርድ ደግሞ ነፋሱ አፌን አቧራ ሞላው።

ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ኤዶ ፋዱማ ሻይ ቤት ነበራት። ኤዶ በሶማልኛ አክስቴ ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ይጠራታል። ሻይዋን በግመል ወተት፣ በሄልና በዝንጅብል ታፈላለች። ሳምቡሳዋ ቃሪያው የበዛ ስለሆነ እያስነጠሰንም እንበላዋለን። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ፊልም ወዳዶች እዚያ እንሰባሰብ ነበር፦ እኔ፣ ከጎንደር የመጣችው ነርስ ብርቱካን፣ እና የከተማው ልጅ፣ ስልክ ጠጋኙ ጉሌድ። ፊልሞቹን በፍላሽ የሚያድለን ጉሌድ ነው።

ደንብ ነበረን። ተረኛው በሳምንቱ ያየውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፤ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ሲጨርስ ግን ምሕረት የለም። ጉሌድ በተለይ ፊልም ሲያወግዝ ከጎናችን ጫት የሚቅሙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዞረው ያዩታል። ደንቡን ያወጣነው ለኤዶ ፋዱማ ስንል ነው። እሷ ፊልም ቁጭ ብላ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም፤ ሁሉንም የምታውቀው ከእኛ አፍ ነው። አስተያየቷ ግን የሁላችንንም ያስንቅ ነበር። አንድ ቀን ጉሌድ፣ አንድ ጀግና ብቻውን አርባ ሰው የገደለበትን ፊልም ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ከተረከ በኋላ፣ ብርጭቆ እያጠበች "ያን ሁሉ ሰው ማን ቀበረው?" አለችው። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁለትም።

የኤዶ ፋዱማ ልጅ አብዲ ታህሪብ ሄዶ ነበር፤ በደላላ ተመርቶ ባሕር ለመሻገር ማለት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ ጠፋ። ደንበኛው ሁሉ "አይዞሽ ኤዶ፣ ነገ ይደውላል" ይላታል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። በዚያው ሰሞን አብሮት የተጓዘ አንድ ልጅ ተመልሶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ ሥራ ጀምሯል ተባለ። "እናቱ ትምጣ፤ በስልክ የሚነገር አይደለም" ብሎ ላከባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ነገ እሄዳለሁ" እያለች ቀረች። ፈርታ ነበር።

ጅላል ነበር፣ የደረቁ ወራት፣ ተራው የእኔ ሆነ። የያዝኩት ፊልም የዓሣ አጥማጆች መረብ ስለምትጠግን እናት ነው። አንድ ልጇ በጀልባ ሄዶ ቀርቷል፤ ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ልክ አንዲት ጀልባ ስትታይ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፔ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እሁድ ደረሰ፣ መብራቱ አልመጣም። "ይኸው ነው ያየሁት" ብል ምን ነበረበት? ግን ባለፈው ሳምንት ጉሌድ እንቅልፍ ጥሎት ፊልሙን ሳይጨርስ ስለመጣ ያላልኩት ስድብ አልነበረም። እየተረክሁ ጀልባዋ ጋ ስደርስ ቀና ብል፣ ኤዶ ፋዱማ ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

ልጁን መለስኩት። ጺም አብቅሎ፣ ከስቶ፣ ከጀልባው ወረደ አልኩ። እናቱ በአረማመዱ አወቀችው አልኩ። አቤት አተራረክ! ራሴም አመንኩት። ብርቱካን እንባዋን ጠረገች። ኤዶ ፋዱማ ሻዩን ቀዳችልን።

ሐሙስ ዕለት ጉሌድ ቤቴ ድረስ መጣ። ፊልሙን አይቶታል።

"ዋርያ! ልጁ ሰምጧል እኮ! አንተ ከየት አመጣኸው?"

እውነቱን ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ። "እንተወው። እሷ አትስማ" አለኝ። ጉሌድ! በፊልም ጉዳይ ለወንድሙ እንኳ የማይመለሰው ጉሌድ!

እሁድ ተገናኘን። ብርቱካን የእኔን ፊልም አንሥታ አመሰገነች። ጉሌድ "አዎ፣ ጥሩ ነው" አለና ሳምቡሳውን ጎረሰ። ኤዶ ፋዱማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ ከፊታችን ቆመች።

"ጉሌድ ፊልም ጥሩ ነው ካለ አንድ ነገር አለ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "መምህር፣ ልጁ አልመጣም፣ አይደል?"

ክው አልኩ። ብርቱካን "ኤዶ፣ አይዞሽ፣ ፊልም እኮ ነው" ማለት ስትጀምር በእጇ አስቆመቻት።

"አይዞሽ የሚለኝ ሞልቷል። ጠዋትም ማታም አይዞሽ ነው። እናንተ ግን ለማንም አታዝኑም፤ መጥፎውን መጥፎ ነው ትላላችሁ። እኔ እዚህ ቆሜ የምሰማው ለዚያ ነበር። አሁን አንተም እንደነሱ ሆንክ?" የሽርጧን ጫፍ ለቀቀች። "ነገ ደወሌ እሄዳለሁ። መጀመሪያ እዚህ ልስማው። ንገረኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ጉሌድን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። ያላየሁትን መጨረሻ ጉሌድ እንደነገረኝ ነገርኳት፦ ከጀልባዋ የወረደው ሌላ ሰው ነው። የልጁን መስጠም ይነግራታል። እናትየው ጮኻ አሸዋው ላይ ትወድቃለች፤ ለቅሶዋ ሳያባራ ፊልሙ ያልቃል።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል።

"ሃዬ፣ እሺ" አለች በመጨረሻ። "ፊልሙ ጥሩ ነው። እናትየዋን ግን አላወቋትም። ወዲያው አታለቅስም። መጀመሪያ ትጠይቃለች። ማን አብሮት ነበር? ምን ለብሶ ነበር? በልቶ ነበር ወይ? ጥያቄዋን ስትጨርስ ነው የምታለቅሰው።"

ይህን ያህል ዓመት ፊልም አይቻለሁ፣ ስለ ፊልም ከተማሩ ሰዎች ጋር ተከራክሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ግን አልገጠመኝም። ፊቷን ማየት ፈራሁ፣ ዓይኔንም ከእሷ መንቀል አቃተኝ። በማግስቱ ንጋት ላይ መኪና ተሳፈረች።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። አብሮት የተጓዘውን ልጅ ሁሉንም ጠይቃዋለች። አብዲ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር። ባሕሩ ዳር ቴምር ተካፍለው በልተዋል። ከዚያ ደላሎቹ በሁለት ጀልባ ለያዩአቸው፤ የእነአብዲን ጀልባ ዳግም ያየው ሰው የለም። ይህን ሁሉ ነግራን ስታበቃ፣ ሻዩ እሳት ላይ እንደተጣደ፣ ተቀምጣ አለቀሰች። አይዞሽ ያላት ሰው አልነበረም። ጉሌድ ተነሥቶ ደንበኞቿን አስተናገደ።

እኔ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በየዒዱ እደውልላታለሁ። ባለፈውም ደወልኩ። ሰላምታ ተለዋውጠን እንዳበቃን "አብዲ ይደውላል፣ አይዞሽ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዛሬም ይመጣል፣ ሰው ነኝና። ዋጥኩት። ቀድማኝ "አልደወለም" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

"በል መምህር" አለችኝ፣ "ምን አየህ?"